ስድስተኛው ቤትና ሰማይ ላይ የቀረው መካኒክ

የእኛ አገር ሰው መቁጠር ይወዳል። ጾሙን ይቆጥራል፤ የወሩን ታቦታት በየቀናቸው ይቆጥራል፤ ሰው ሲያርፍ ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን ይቆጥራል፤ ጎረቤቱ ለቅሶ ሳይደርሰው የቀረበትን ቀን ደግሞ የትም ሳይጽፍ ይቆጥራል። የሚቆጠረው የቱ ነው፣ የማይቆጠረውስ በሚለው ላይ ግን ብዙም አንጨቃጨቅም። ከእኛ በፊት የነበሩት ቆጥረው ጨርሰውታል፤ የእኛ ድርሻ መቀበል ነው። ከተከዜ ዓሣ ወደ ሰቆጣ መውጣት ከጀመረ ወዲህ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ሰፈራችን መግባቱ እውነት ነው፤ እሱም ቢሆን ዓሣው ሲወደድ ራሱ ጋብ ይላል።

እንዲህ ሁሉ ነገሩ ተቆጥሮ ባለቀለት አገር ኖሬ ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ከመጣብኝ ወዲህ ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ለደንበኛ ነጭ ክር ስጠየቅ ጥቁር እሰጣለሁ። ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ ጭራሽ ሆኖ በማያውቅ ነገር ውስጥ እውነተኛው የቱ ነው? ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እኔም መጀመሪያ ሲነገረኝ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ሦስተኛ ጊዜ ሲነገረኝ ግን መሃል ላይ ቀረ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ፣ ገበያው ዳር ክርና መርፌ፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥ ሴት ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት ልጅ ትቶልኝ ነው ያረፈው። ሰላም ትባላለች። መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ንባብ ቤት ጎራ ትላለች። እዚያ አምስት ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ክበብ አላቸው። የክበቡ ጸሐፊ ጌታነህ ይባላል፤ ሥራው መሬት መቀየስ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰቆጣ ዙሪያ በገበሬ ማሳ ላይ ሜትር ሲጎትት ይውላል፤ ድንበር መለየት እንጀራው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጌታነህና ሰላም ከመጽሐፋቸው ቀና ባሉ ቁጥር ዓይን ለዓይን እየተጋጩ ተዋደዱ። ልጁ ጨዋ ነው። ቤቴ ሲመጣ የጫማውን አፈር ደጅ አራግፎ ነው የሚገባው፤ የገበሬ አፈር ለገበሬ ይቅር ይላል። ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ሽማግሎቹን ሊልክ፣ እኔም እንደ ወጉ «እስቲ ከዘመድ ልምከር» ብዬ ትንሽ ላንገላታቸው፣ ከዚያ እሺ ልል፣ ሁሉም ተሰናድቶ ነበር። አንድ ልጅ ላላት እናት ይህ ቀን ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን የመሰለ ነገር መጥቶ የበተነብኝ፣ ሰማይ ላይ የቀረ አንድ መካኒክ ነው።

«ዘጠነኛዋ ጨረቃ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ገና ያልመጣ ዘመን ታሪክ ነው፤ አራት ቅጽ አለው። ሰዎች «ንብ» በምትባል መርከብ ተሳፍረው በሰማዩ ውስጥ ዘጠነኛ ጨረቃ ፍለጋ ይሄዳሉ። ስምንቱ የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ አንዱን ጥያቄዬን ስምንት አደረገው። በመርከቧ ላይ ደርቤ የሚባል መካኒክ አለ። ቀልደኛ ነው፤ ሞተር ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ሁሉም አንባቢ እሱን ይወዳል። በአራተኛው ቅጽ መጨረሻ የመርከቧ በር ይበላሻል፤ ደርቤ ወገቡን በገመድ ታስሮ ሊጠግን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ገመዱ ይበጠሳል። ደርቤ በጨለማው ውስጥ ይርቃል፣ ይርቃል፣ ያንሳል። መጽሐፉ አለቀ። ሞተ አይል፣ ዳነ አይል። ደራሲውም ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም።

አንባቢ ግን ዝም አይልም። መጀመሪያ በሬዲዮ ድራማ ተሠራ፤ በድራማው የደርቤ ሚስት ጥቁር ለብሳ አርባውን አወጣች። ቀጥሎ በሥዕል የተሠራ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ፤ እዚያ ደግሞ ደርቤ ጭራሽ ሚስት የለውም። ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ ያልጻፈ የለም። አንዱ ጨረቃ ላይ ያነግሠዋል፤ አንዱ ያመነኩሰዋል፤ አንዱማ ራሷን መርከቧን አጋብቶታል። ይህን ስሰማ አማተብኩ።

ልጄም ጻፈች። የእሷ ደርቤ ሲወድቅ፣ ሲወድቅ ከርሞ እዚሁ ከሰቆጣ በታች ባለው ዝቋላ፣ የማሽላ ማሳ ውስጥ አረፈ። ገና ሳይነሣ ፍየሎች ደርሰው የተበጠሰ ገመዱን በሉበት፤ ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ቅጠሉን ከየት ታምጣ። አንዲት ባልቴት ማንነቱን ሳትጠይቅ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲያበቃ ከሰማይ መምጣቱን ቢነግራት፣ «ታዲያ ዝናቡን የት ጥለኸው መጣህ?» አለችው። ደርቤም ተነሥቶ የቀበሌውን የተበላሸ የውኃ ፓምፕ መፍታት ጀመረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። አንብቤው አለቀስኩ። እናት ሆኜ ይሆናል ብዬ እንደ ሌላ ሰው ሁለተኛ አነበብኩት። እንደ ሌላ ሰውም አለቀስኩ።

ጠቡ የመጣው ከካርቶን ነው። ክበቡ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የ«ዘጠነኛዋ ጨረቃ» እውነተኛ ወገን የቱ እንደሆነ ለይቶ ንባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ወሰነ። ጌታነህ ትልቅ ካርቶን አምጥቶ መሃሉን በማስመሪያ ከፈለው። በቀኝ «የሚቆጠሩ»፣ በግራ «የማይቆጠሩ»። በቀኝ አራቱን ቅጾች ጻፈና ቀለሙን ከደነ። በግራ ሬዲዮውን፣ ሥዕሉን፣ የስልኩን ሁሉ ደረደረ። ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ በዚያ ባማረ የቀያሽ ጽሕፈቱ ያሰፈረው የሰላምን ታሪክ ነበር። ለምን መጀመሪያ አደረግኸው ቢሉት፣ ከሁሉ አብልጬ ስለምወደው ቀድሞ መጣልኝ አለ። እውነቱን ነው። እውነት ግን እንደ መድኃኒት መጠን አለው፤ ይህን ከመድኃኒት ሻጯ ሊማር ይገባ ነበር።

ሰላም የዚያን ዕለት ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጌታነህ የሰጣትን አራት ቅጽ በፌስታል አድርጋ ፊቴ አስቀመጠች። መልሺለት አለችኝ። ሽማግሌም እንዳይልክ ንገሪው አለችኝ። ልጄ፣ ስለሌለ ሰው ብለሽ ያለውን ሰው ትመልሺያለሽ? ብላት፣ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ ዛሬ ደርቤን በግራ የጻፈ ሰው፣ ነገ እኔን በግራ ይጽፈኛል።»

እኔ በድንበር የተጣላ አስታርቄ አውቃለሁ። በውርስ የተጣላ፣ በዶሮ የተጣላ፣ «ለምን ሰላም አላልሽኝም» ተባብሎ ሦስት ዓመት የተኳረፈ አስታርቄያለሁ። በእነዚህ ሁሉ ቢያንስ ዶሮዋ አለች። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ በሰማይ ላም ተካሶ ዳኛ ፊት የቆመ ግን አላየሁም ነበር።

ፌስታሉን ይዤ ወደ ጌታነህ ሄድኩ። ልጁ ከስቷል። ማቆላመጥ ይችል እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቻለም። «እትዬ፣» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ድንበር ካልተበጀ ሁሉም የእኔ ነው ይላል። ደራሲው የወለደው አራት ነው። ሰላምን ለማስደሰት ብዬ ካርታ ባዛባ፣ ነገ የሰው ማሳስ እንዴት እለካለሁ?» ይብስ ወደድኩት። መውደዴ ግን አልጠቀመኝም፤ ሁለቱም ልክ የሆኑበት ጠብ ከጠብ ሁሉ የከፋ ነው።

ፌስታሉን መልሼ ይዤው መጣሁ። ሳላነብ አልፈርድም ብዬ አራቱንም ቅጽ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ በዚፕና በዚፕ መሃል፣ ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሣ አነበብኳቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቅዱሱን ከዓለማዊው ማነጻጸሬ አይደለም፤ ግን አባቶቻችን ሰማንያ አሐዱ ብለው ወስነው መጻሕፍቱን ባይሰጡን ኖሮ፣ እኛ ተቀምጠን እንለይ ብንባል ምን ይውጠን ነበር እያልኩ ተመስገን አልኩ። አራት መጽሐፍ እንኳ እንዲህ ያዞራል።

ሳነብ የገባኝ ነገር ቢኖር ብቻዬን እንደማልችለው ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስቱንም ወጣቶች ቤቴ ጠራሁ። አያ ኪሮስንም ጠራሁ።

አያ ኪሮስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል፤ ጭንቅላታቸው ግን የአገሩ መዝገብ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ በአንድ አያት የሚገናኙ ከሆነ እንደ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ያንን የሚቆጥሩት አያ ኪሮስ ናቸው። ጣታቸውን እያጠፉ በኽምጣኛ፣ በአገራችን አገውኛ፣ ይቆጥራሉ፤ ፍርዱን በአማርኛ ይሰጣሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠይቄያቸው፣ «ሙታኑ አማርኛ አይሰሙም» ብለውኛል።

ቆሎ ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ። ሰላም በአንዱ ማዕዘን፣ ጌታነህ በሌላው። ነገሩ ከሥር እስከ ጫፍ ሲነገራቸው አያ ኪሮስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ ይህ ደርቤ የማን ልጅ ነው? ወጣቶቹ ተያዩ። በአራቱም ቅጽ አባቱ አልተጻፈም። አባቱ ባልታወቀ ሰው ነው ይህ ሁሉ? ብለው ቆሎ ዘገኑ። ደግነቱ ጥያቄያቸው አላለቀም።

«ገመዱን የበጠሰው ማነው?»

«ደራሲው ነው፣» አለ ጌታነህ።

«ከበጠሰው ወዲያ ፈልጎታል?»

«አልፈለገውም።»

«የፈለገውስ ማነው?»

ይህን ጊዜ የአራቱም ዓይን ወደ ሰላም ዞረ። የጌታነህም ጭምር። አያ ኪሮስ ይህን አይተው ወደ እኔ ዞሩና፣ ያንቺ ቤት ነው፣ ፍረጂ አሉኝ።

እኔ እንግዲህ በሕይወቴ ፈርጄ አላውቅም። አፌን ስከፍት የወጣው ይህ ነው፦ «ደራሲው ወልዶታል፤ የወላጅነት ክብሩ አይነካም። ግን ጨለማ ላይ ጥሎት ሄደ። የተጣለ ልጅ አንሥቶ ያሳደገም ወላጅ ነው። ያሳደገ ይቆጠራል።»

ጌታነህ ብዙ አሰበ። ሰው ሲያስብ ማየት ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የምናየው ሰው መልስ ሲያዘጋጅ ነው። በመጨረሻ ተነሣና፣ «ያሳደገ ይቆጠራል፤ ተቀብያለሁ፣» አለ። ሰላም ተነሣች። የእሱ ሻይ ቀዝቅዞ ኖሮ አንሥታ ሌላ ቀዳችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔም በልቤ ለእመቤቴ ምስጋና ጀመርኩ።

ምነው እዚያ ላይ ሁላችንንም እንቅልፍ በወሰደን!

ከክበቡ አንዷ፣ ምሕረት የምትባል፣ ሁሉን ማወቅ የምትወድ ልጅ፣ ይህ ሰባት ቤት መቁጠር ለታሪኮቹም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ማን ከማን ተወለደ እያሉ መቁጠር አይቻልም ወይ አለች። አያ ኪሮስ ደስ አላቸው፤ ወጣት ስለ ቆጠራ ሲጠይቃቸው ስንት ዘመናቸው። መጀመሪያ በሕያው ሰው ላሳይሽ አሉና ዙሪያቸውን ቃኙ። ሰላምና ጌታነህ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ይኸው፣ እነዚህ የታረቁት ላይ ላሳይሽ።»

የእነሱ ቤት አልተቆጠረም ነበር እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አልተቆጠረም። የጌታነህ ወገኖች ከዝቋላ በኩል ናቸው፤ የእኛ ከዚሁ ከሰቆጣ ዙሪያ። ምን ያገናኘናል ብዬ፣ ደግሞም የወንድ ወገን አስቆጥሮ ይሆናል ብዬ ተኝቼ ነበር። እነሱም የሴት ወገን የአያ ኪሮስ ቤተሰብ ነው፣ ቆጣሪው ቤታቸው እያለ ሳያስቆጥሩ ይቀራሉ? ብለው ተኝተዋል። የአናጢ ቤት በር አይኖረውም።

አያ ኪሮስ የጌታነህን ወገን ከራሱ ከጌታነህ እየጠየቁ ወደ ላይ ወጡ። የሰላምን ማንንም ሳይጠይቁ ወጡ፤ ሰላም፣ እኔ፣ አባቴ፣ የአባቴ አባት፣ ትርንጎ። ስድስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ በሁለቱም በኩል አንድ ስም ወጣ። ግራዝማች ወልዴ።

ጣታቸው ታጥፎ አየር ላይ ቀረ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ። ለሌለ መካኒክ ስፈርድ ያለውን ሙሽራ አጣሁ። ሰላም ጌታነህን አየችው፤ እሱ ጣራውን አየ። ጌታነህ ከደቂቃ በፊት ያነሣው ብርጭቆ ገና አፉ አልደረሰም ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ አያ ኪሮስ፣ ደካማ ጆሮ ያለው ሰው እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ይልቁንም እኔ እንኳ እስክጠጋ ድረስ ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ትርንጎ የግራዝማች ልጅ አይደለችም።»

ትርንጎ የአያ ኪሮስ አያት ናቸው። አያ ኪሮስ የልጅነታቸውን ዘመን በትርንጎ ጀርባ ላይ ነው ያሳለፉት። ነገሩ እንዲህ ነው አሉ፦ የጨው ነጋዴዎች ከቆላ በግመልና በበቅሎ አሞሌ ጭነው ወደ ሰቆጣ ሲወጡ፣ አንድ ዓመት አንዲት የምትሄድ፣ የምትናገር ሕፃን አብራቸው መጣች። እናቷ መንገድ ላይ ቀርታለች። ነጋዴዎቹ ጨዋቸውን ሸጠው ሲመለሱ ልጅቱ ግራዝማች ደጅ ቀረች። ግራዝማችም አሳደጓት፤ ስማቸውን ሰጧት፤ ዳሯት። ይህን ትርንጎ ለልጅ ልጃቸው ለኪሮስ አንድ ቀን ነገሩት፤ ለማንም አትንገር አሉት። ልጁም ሸመገለ፣ አገሩን ሁሉ ቆጠረ፣ ለማንም አልነገረም። እነሆ እንግዲህ አሁን ነገረ።

ቤቱ ተነፈሰ። ደም ከሌለ ጋብቻው ይቻላል ማለት ነው። ምሕረት ግን፣ ይባርካትና፣ ቆሎዋን ዋጠችና፦

«የሰላም እናት፣ ግን አሁን እኮ ያሳደገ ይቆጠራል ብለው ፈርደዋል።»

ይህችን ልጅ ወደፊት ዳኛ ያድርጋት፤ እኔን በማትዳኝበት አገር።

ልክ ነበረች። ያሳደገ ከተቆጠረ ትርንጎ የግራዝማች ልጅ ናት፤ ሰላምና ጌታነህም በስድስት ቤት ዘመዳሞች። ያሳደገ ካልተቆጠረ ልጆቹ ይጋባሉ፤ የልጄ ደርቤ ግን ወደ ግራ ይመለሳል። ደሙን ይዘን ታሪኩን እንጣል ወይስ ታሪኩን ይዘን ሙሽራውን? ራሴን ያዝኩ። ያን ጊዜ ሰላም ተናገረች።

«ታሪኬ ይውጣ። በግራ ጻፈው።»

«አይወጣም፣» አለ ጌታነህ።

«ካልወጣ እህትህ ነኝ።»

«እህቴም ብትሆኚ አይወጣም። ተፈርዷል፤ ልክም ነው።»

ሦስት ሳምንት ታሪኬ ለምን ወጣ ብላ ያኮረፈችው ልጅ ካላወጣኸው ብላ ታለቅሳለች፤ አይገባም ብሎ የከሳው ልጅ ደግሞ አይወጣም ብሎ ይሞግታል። ቅድም እሷ የነበረችበት ቦታ እሱ ቆሟል፤ እሱ የነበረበት ቦታ እሷ። እኔ በመሃል ሻይ ቤት የገባ በግ መሰልኩ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን፤ እኔና አያ ኪሮስ። አባ ሁሉንም ሰሙ፤ ደርቤን ጨምሮ። መርከቧን ስለማግባቱ ብቻ ዘለልኩት። ከሚያውቁ ጋር ልምከር ብለው ቀናት ወሰዱና ጠሩን። ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ሌሎች ሁለት ካህናት አብረዋቸው ተቀምጠው ነበር።

«ይቆጠራል አይቆጠርም ትላላችሁ፣» አሉ አባ። «ለምን ጉዳይ እንደምትቆጥሩ ግን አልጠየቃችሁም። ትርንጎ ለስም ትቆጠራለች። ለርስት ትቆጠራለች። ግራዝማች ሲሞቱ ደረት የመታችው ማን ሆነና፣ ለለቅሶ ትቆጠራለች። ለጋብቻ ግን የምንጠይቀው ደምን ነው። ደሟ ሌላ ለመሆኑ የሚመሰክር አለ?»

ያለው አንድ ነው። አያ ኪሮስ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። ልጅ ሆነው ለአያታቸው የገቡትን ቃል፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በሦስት ካህናት ፊት አፈረሱት። «የግራዝማች ደም አይደለችም፤ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ፣» አሉ። ተቀመጡ። አባም ልጆቹ ይጋቡ አሉ።

በደስታ እየበረርኩ መንገድ ጀመርኩ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ግን እግሬ ቀስ አለ። ትርንጎ የግራዝማች ደም ካልሆኑ፣ የእሳቸው ልጅ፣ የልጃቸው ልጅ አባቴ፣ እኔስ? እኔ በማኅበር ላይ፣ በሠርግ ላይ፣ «የግራዝማች ወልዴ ወገን» ሲባል ቀና ብዬ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ራሴን አላወድስም እንጂ ሰው ሲዘነጋው አስታውሼም አውቃለሁ። ለካ እኔ ራሴ ከዋናው መጽሐፍ ውጭ ነኝ። አንድ የጨው ነጋዴ ደጅ ላይ ረስቶኝ የሄደ፣ ሌላ ሰው የጻፈኝ። ያ ካርቶን ትዝ አለኝ፤ ግራው በኩል፣ መጀመሪያው መስመር። ልጄ ለምን ፌስታሉን ፊቴ እንዳስቀመጠች ያን ጊዜ ገባኝ። ስድስት ቤት ዘግይቶ።

አያ ኪሮስ ከኋላዬ በበትራቸው እየተደገፉ ነበር የሚመጡት። እንግዲህ ጨው መሆናችን ነው አያ፣ ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቁም።

«ጀርባዋን አውቀዋለሁ፣» አሉ። «ያዘለችኝን እኔ ከጀርባዬ አውርጄ ጣልኳት።»

ጥቂት ከተራመድን በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝና መንገድ መሃል ቆምኩ። ጌታነህ እኮ የግራዝማች ደም ነው! እሱና ሰላም ልጅ ቢወልዱ፣ ያ ልጅ በአባቱ ወደ ግራዝማች፣ በእናቱ ወደ ትርንጎ ይወጣል። ትርንጎ ከደም መዝገብ ባይወጡ ኖሮ ይህ ልጅ አይወለድም ነበር። ስለወጡ ደግሞ በሰላም በኩል ደሙ ውስጥ ሊገቡ ነው። ይህን ለአያ ኪሮስ ስነግራቸው ጣታቸውን አውጥተው፣ በኽምጣኛ እያጉረመረሙ ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። በሦስተኛው ሳቁ። «በበር ሸኝተናት በጓሮ ገባች፣» አሉ።

ጾሙ ተፈታ፤ ሽማግሎቹ መጡ። እኔም እንደ ወጉ ትንሽ አንገላታኋቸው፤ ከመጣብኝ ጣጣ አንጻር ያንሳቸዋል። እሺ ከተባለ በኋላ አያ ኪሮስ የሰላምን ወገን ቆመው እንዲቆጥሩ ተጠየቁ። ቆጠሩ። ትርንጎ ላይ ሲደርሱ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ አገሩን አዳርሶት ነበርና። አያ ኪሮስ አንዴ ቆሙ፤ ዙሪያቸውን አዩ፤ ዕድሜ ልካቸውን እንዳሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ትርንጎ ግራዝማች!» አሉ። ይህ ከሆነማ ሠርጉ አይሆንም። ግን ማንም አላረማቸውም። አባ ትንሽ ሳላቸው። መጀመሪያ «እውነት ነው» ያለው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ድንበር አጥብቆ የሚያውቀው ጌታነህ ነበር።

ካርቶኑም ተቀይሯል፤ ሄጄ አየሁት። መሃሉ ላይ የነበረው መስመር የለም። ታሪኮቹ ሁሉ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዱ ጎን ለምን ጉዳይ እንደሚቆጠር ተጽፏል። ከሰላም ታሪክ ጎን በዚያው ባማረ ጽሕፈት «ለስምና ለለቅሶ» ይላል። ለለቅሶ የተባለው በእኔ ይመስለኛል። ምሕረት ግን አራቱ ቅጾችስ ለምን ጉዳይ ይቆጠራሉ ብላ ጠይቃለች፤ ክበቡ እስካሁን እየተከራከረ ነው። አልጠራኝም፤ ቢጠራኝም አልሄድም።

ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ደርቤ ይሙት ይዳን አሁንም አላውቅም። አራት ቅጽ አንብቤ፣ ፈርጄ፣ ልጄን ድሬም አላውቅም። ማታ ስጸልይ አፌ ላይ ይመጣል፤ የሌለ ሰው ስም በጸሎት መጥራት ኃጢአት ይሁን አይሁን አባን ለመጠየቅ ደግሞ አፍሬያለሁ። ትርንጎን፣ ማንም የክርስትና ስማቸውን ስለማያውቅ «ጨው ይዛ የመጣችው» ብዬ፣ ካረፉት ጋር እጠራቸዋለሁ። ደርቤን ግን ካረፉት ጋር ልጥራው ወይስ መንገድ ላይ ካሉት?

ለጊዜው ከመንገደኞቹ ጋር ነው።